ላንቃ ላይ ያለው ወይን ጠጅ ምልክት

ሰው ፊቱን በመስታወት ያያል፤ ጥርሱን ሲያመው በምላሱ ይዳስሳል። ላንቃውን ግን የሚያየው የለም። ትኩስ ነገር ካላቃጠለው ወይም አጥንት ካልወጋው በቀር ላንቃ እንዳለውም አያስታውስ። ከኤች አይ ቪ ጋር ከሚመጡት የአፍ ካንሰሮች ዋነኛው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ሲጀምር አያምም፣ አያሳክክም፣ ምግብም አይከለክልም። ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ፣ ጠፍጣፋ እንደሆነ ለሳምንታትና ለወራት ይቆያል። ሐኪሞች ካፖሲ ሳርኮማ ይሉታል። ምንጩን ለማወቅ 122 ዓመት ፈጀ። ፍለጋው ከቪየና ወደ ካምፓላ፣ ከኒው ዮርክ ወደ ሉሳካ ሲዞር ኢትዮጵያውያንንም ነካክቶ አልፏል። በሚከተለው ታሪክ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞሪትዝ ካፖሲ ሃንጋሪ ተወልደው በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል የሚሠሩ የቆዳ ሐኪም ነበሩ። በ1872 ያልተለመደ በሽታ የያዛቸውን አምስት ሰዎች ታሪክ አሳተሙ። ሕሙማኑ በዕድሜ ገፋ ያሉ ወንዶች ናቸው። እግራቸውና እጃቸው ላይ የጠቆረ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ እብጠት ይወጣል፤ ቀስ በቀስም ይበዛል። ከሞቱት መካከል በአስከሬን ምርመራ ተመሳሳይ እብጠት የውስጥ አካል ላይ ተገኝቷል። ካፖሲ በሽታውን በዝርዝር ገልጸው፣ ከሌላው ለይተው አስቀመጡት። ምክንያቱን ግን አልደረሱበትም፤ በዘመኑ ሊደርስበት የሚችልም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሽታው የሜዲትራኒያን ዳርቻና የምሥራቅ አውሮፓ ሽማግሌዎች ጣጣ ተደርጎ ተቆጠረ። ብርቅ ነው፤ ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ ሕመምተኛው ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በሌላ ነገር ነው። በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይበቃው ነበር።

ያንን አንቀጽ ያፈረሰችው አፍሪካ ናት። በ1950ዎቹ በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታልና በአካባቢው አገሮች ያሉ ሐኪሞች ካፖሲ ሳርኮማን፣ ባጭሩ ካፖሲን፣ ደጋግመው ማየት ጀመሩ። ያውም በሽማግሌዎች ብቻ ሳይሆን በጎልማሶች፣ አልፎ አልፎም በልጆች ላይ። በ1961 ስለዚህ አንድ በሽታ ብቻ የሚመክር ዓለም አቀፍ ጉባኤ በካምፓላ ተጠራ። ተመራማሪዎች ካርታ ዘርግተው ሲያዩ በሽታው በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ተከማችቷል። በአንድ አካባቢ የበዛ ነገር ከአካባቢው አንድ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ምን ይሆን?

አንዱ መላ ምት ወደ እኛ ደጋ ያመጣናል። ኧርነስት ፕራይስ የሚባሉ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በኢትዮጵያ ሲሠሩ በባዶ እግራቸው ቀይ አፈር የሚረግጡ ገበሬዎችን የሚያጠቃውን ዝሆኔ ለዓመታት አጥንተው ነበር። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው አፈር እንደ ዱቄት የደቀቀ ቅንጣት አለው። ይህ ቅንጣት በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ የፈሳሽ መተላለፊያ ቧንቧዎችን ይዘጋል፣ እግሩም ያብጣል። በኡጋንዳ ካንሰር ኢንስቲትዩት የሠሩት ጆን ዚግለር ይህን ጥናት አንስተው ጠየቁ፤ ያው አፈር የእግርን መከላከያ አዳክሞ ለካፖሲ በር ይከፍት ይሆን? በ1993 ሐሳባቸውን በላንሴት መጽሔት አወጡት።

ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ካፖሲ በአፍሪካ በብዛት የሚጀምረው ከእግር መሆኑን ያስረዳል። ነገር ግን የአማራ ክልልን ደጋ ለሚያውቅ ሰው አንድ ነገር አይዋጥለትም። ዝሆኔ በእነዚህ ደጋዎች ሞልቷል። አፈሩ ብቻውን ካፖሲን የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ በእያንዳንዱ ገበያ የካፖሲ ሕመምተኛ ባየን ነበር። አላየንም። ደግሞስ ላንቃ አፈር አይረግጥም። ዚግለርም ቢሆኑ አፈሩ ብቻውን ይበቃል አላሉም።

ሌላ ፍንጭ ቀደም ብሎ በ1972 ተገኝቶ ነበር። ጋኤታኖ ጂራልዶና ባልደረቦቻቸው ከአፍሪካ በመጣ የካፖሲ ሕዋስ ውስጥ የሄርፒስ ዘመድ የሚመስል ቫይረስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩ። ግን ያዩት ቫይረስ ሳይቶሜጋሎ የሚባለው፣ በብዙ ሰው ገላ ውስጥ ተኝቶ የሚኖረው እንደሆነ ታሰበ። ተጠርጣሪው ለሃያ ዓመት ያህል ይኸው ቫይረስ ሆኖ ቆየ። ቤተሰቡን አውቀውታል፤ የያዙት ግን የተሳሳተውን ወንድም ነው።

ሐምሌ 1981 ላይ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሳምንታዊ ሪፖርት ያልተጠበቀ ነገር ይዞ ወጣ። በኒው ዮርክና በካሊፎርኒያ 26 ወንዶች ካፖሲ ይዟቸዋል። ዕድሜያቸው ከ26 እስከ 51 ነው፤ ሁሉም ከወንድ ጋር ግንኙነት የሚፈጽሙ ነበሩ። ጥቁር ሰማያዊና ወይን ጠጅ እብጠቱ በቆዳቸው ላይ ብቻ ሳይሆን በአፍና በሌላ ስስ ሽፋን ላይም ታይቷል። ስምንቱ በሽታው ከታወቀ በሁለት ዓመት ውስጥ ሞተዋል። የሽማግሌዎች ዘገምተኛ በሽታ ድንገት ወጣቶችን የሚያጣድፍ ሆነ። ኤድስ ለዓለም ራሱን ያስተዋወቀው ከሳንባ ምች ጋር በዚህ በሽታ በኩል ነው።

በአፍሪካ ተመሳሳዩን የለዩት በዛምቢያ የሉሳካ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበሩት አን ቤይሊ ናቸው። ካፖሲን ለዓመታት ሲያክሙ ኖረዋል፤ ባህሪውን አሳምረው ያውቁታል። በ1983 ግን የሚመጡት ሕሙማን ሌላ ሆኑባቸው። የድሮው ካፖሲ እግር ላይ ይቀመጣል፤ በመድኃኒትም ይመለሳል። አዲሱ ንፍፊት ያሳብጣል፣ አፍና ሳንባ ይገባል፣ መድኃኒት አይበግረውም። ወይዘሮዋ በእጃቸው ምርመራ አልነበራቸውም፤ የኤች አይ ቪ ምርመራ ገና አልተሠራም። የነበራቸው የድሮ መዝገብና የራሳቸው ዓይን ነው። በ1984 በላንሴት ያሳተሙት ጽሑፍ በአፍሪካ ስለ ወረርሽኙ ከወጡት ቀደምት ማስጠንቀቂያዎች አንዱ ሆነ። በኋላ ምርመራው ሲደርስ አዲሱ ዓይነት ከቫይረሱ ጋር፣ አሮጌው ያለ ቫይረሱ የሚመጣ መሆኑ ተረጋገጠ። እንዲህ ያለ ትዝብት የሚገኘው አንድ ቦታ ለረዥም ጊዜ ከተቀመጠ ሐኪም ብቻ ነው።

በዚያው 1984 በኢትዮጵያ በደም ናሙና ውስጥ የኤች አይ ቪ ምልክት ተገኘ። በወሎ ያን ዓመት ከረሃቡ በቀር ስለ ሌላ ነገር የሚያስብ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን ሪፖርት የተደረጉት በ1986 ነው።

እንግዲህ ኤች አይ ቪ ራሱ ነው ካፖሲን የሚያመጣው ማለት ይቻል ነበር። ብዙዎችም አሉ። ይህን ያፈረሰው ቤተ ሙከራ ሳይሆን ቆጠራ ነው፤ በእኔ እምነት የታሪኩ ሁሉ ማጠፊያ እዚህ ላይ ነው። ቫለሪ ቤራል የሚባሉ በኦክስፎርድ የሚሠሩ ተመራማሪ ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ከ90,000 በላይ የኤድስ ሕሙማንን መዝገብ አገላበጡ። በ1990 ያወጡት ውጤት ሁለት ነገር ያሳያል። ካፖሲ በኤድስ ሕሙማን ላይ ከሌላው ሕዝብ ቢያንስ 20,000 እጥፍ ይበዛል። ይህ የሚገርም አይደለም። የሚገርመው ሁለተኛው ነው። ኤች አይ ቪን ከወንድ ጋር በሚፈጸም ግንኙነት ካገኙት ወንዶች 21 በመቶ ያህሉ ካፖሲ አለባቸው፤ ደም የማይረጋላቸው ሆነው ቫይረሱን በተሰጣቸው የደም መድኃኒት ካገኙት ግን 1 በመቶ ብቻ።

ቫይረሱ አንድ ነው፤ የመከላከል አቅም መውደቁም አንድ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ቤራልና ባልደረቦቻቸው መልሱን በግልጽ ጻፉት፤ ሌላ፣ ገና ያልታየ ተላላፊ ነገር አለ። ኤች አይ ቪ በሩን ይከፍትለታል እንጂ ገቢው እሱ አይደለም።

ያልታየውን ያገኙት ባልና ሚስት ናቸው። ዩዋን ቻንግ የአንጎል ፓቶሎጂስት፣ ፓትሪክ ሙር ደግሞ የወረርሽኝ ተመራማሪ ሲሆኑ በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ ነበር። የተጠቀሙበት ዘዴ ያኔ ገና አንድ ዓመት ያልሞላው አዲስ ነበር። ሁለት ጆንያ ስንዴ አለ እንበል፤ በአንደኛው ውስጥ ጥቂት እንክርዳድ ተቀላቅሏል። እያንዳንዱን ፍሬ ከሌላው ጆንያ አቻው ጋር እያጣመሩ ቢያወጡ በመጨረሻ አቻ ያጣው እንክርዳድ ብቻ ይቀራል። ቻንግና ሙር ከአንድ የኤድስ ሕመምተኛ ሁለት ናሙና ወሰዱ፤ አንዱ ከካፖሲው እብጠት፣ ሌላው ከዚያው ሰው ጤነኛ ቆዳ። የሁለቱን ዲኤንኤ አቀናንሰው የቀረውን አዩት። የቀረው ሁለት አጭር ቁራጭ ነው። የሰው አይደለም። ከሚታወቁ ቫይረሶች ጋር ሲያስተያዩት ኤፕስታይን ባር ከሚባለው የሄርፒስ ወገን ጋር ይቀራረባል፤ ከሱ ጋር ግን አንድ አይደለም። በዓለም መዝገብ ውስጥ የሌለ አዲስ ቫይረስ ነው።

ከዚያም ሌሎችን የካፖሲ ናሙናዎች ፈተሹ። ከ27ቱ በ25ቱ ውስጥ ተገኘ። ታኅሣሥ 1994 በሳይንስ መጽሔት ወጣ። በተከታዮቹ ጥናቶች በጣሊያን ሽማግሌዎች፣ በኡጋንዳ ገበሬዎችና ኩላሊት በተተከለላቸው ሰዎች ካፖሲ ውስጥም ያው ቫይረስ ታየ። ስምንተኛው የሰው ሄርፒስ ቫይረስ ተባለ። ካፖሲ በ1872 ያዩት፣ በካምፓላ ካርታ ላይ የተሠመረው፣ ቤይሊ የደነገጡበት፣ ሁሉም አንድ ቤት ገባ።

ቫይረሱ ከተገኘ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ በምን እንደሚተላለፍ ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ያሰበው የግብረ ሥጋ ግንኙነትን ነው፤ የቤራል ቆጠራም ወደዚያ ያመለክታል። ይሁን እንጂ ቫይረሱ ሲፈለግ ደጋግሞ በብዛት የተገኘው በምራቅ ውስጥ ነው። በ2000 ከሲያትል የወጣ ጥናት ከተለያየ የአካል ክፍል ናሙና ወስዶ ሲያወዳድር ቫይረሱ ቤቱን የሠራው አፍና ጉሮሮ ላይ ሆኖ ተገኘ። በኡጋንዳ ገጠር የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ልጆች ይህን ቫይረስ የሚይዙት ገና በልጅነታቸው፣ እዚያው ቤታቸው ውስጥ እንደሆነ አሳዩ። ስለዚህ በአፍሪካ ብዙው ሰው ቫይረሱን የሚያገኘው ምንም ነውር ሳይሠራ፣ ከእናቱ ወይም ከወንድሙ ምራቅ ነው። ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፤ ሳይታመምም ይሞታል። ችግሩ የሚመጣው መከላከያው ሲወድቅ ነው።

ካፖሲ ሳርኮማ ከአፍ ጋር ይህን ያህል የተቆራኘ መሆኑ እንግዲህ አያስገርምም። በኤድስ ዘመን በተደረጉ ጥናቶች ከአምስት የካፖሲ ሕሙማን በአንዱ ያህል ላይ በሽታው መጀመሪያ የታየው አፍ ውስጥ ነው። ላንቃ ይቀድማል፣ ድድ ይከተላል፣ ከዚያ ምላስ።

አሁን ስለ እኛ ሰዎች የሚነገረውን እንግዳ ነገር ላንሳ። ግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን 14,000 ያህል ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል ተጓዙ። ከእነሱም በፊት በኋላም የሄዱ አሉ። የእስራኤል ተመራማሪዎች ከነዚህ ስደተኞች በተወሰደ ደም ላይ ስምንተኛውን ሄርፒስ ሲፈልጉ በብዙዎቹ አገኙት። ከእነሱ መካከል ኤች አይ ቪ ያለባቸውም አሉ። ሒሳቡ እንደሚለው ካፖሲ በመካከላቸው መብዛት ነበረበት። ሲታይ ግን በጣም ብርቅ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላ ትውልድ ካላቸው የአገሪቱ የኤድስ ሕሙማን እጅግ ያነሰ። ግኝቱ በ2002 በማዮ ክሊኒክ መጽሔት ታተመ።

ይህ ለኢትዮጵያ ሕክምና ትልቅ ቁም ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይገባው የነበረውን ያህል ግን አልተወራለትም። ቫይረሱ የግድ ነው፤ ቫይረሱ ግን አይበቃም። ሌላ ረዳት አለ፣ ወይም ሌላ ተከላካይ አለ። የሰው የዘር ውርስ ይሆን፣ የቫይረሱ ዝርያ ይሆን፣ የአንጀት ትላትል መከላከያን የሚቀይሩበት መንገድ ይሆን፣ ሐሳቡ ብዙ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ግን «እኛን አይነካንም» የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ አደገኛ ነው። ካፖሲ በአገራችን ሆስፒታሎች ይታያል። ብርቅ መሆኑ የሚያመጣው አንድ ጉዳት ደግሞ አለ፤ ብርቅ የሆነን በሽታ ሐኪም ይረሳዋል።

አሁን ታሪኩን ወደ አንድ የገጠር ወረዳ እናምጣው፤ መካነ ሰላም በወሎ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይደረስባታል። ከከተማዋ ወዲያ ምድሩ ወደ አባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከሸለቆው ማዶ ጎጃም ነው። ከሳይንት፣ ከወግዲ፣ ከከላላ የሚነሣ ሕመምተኛ በእግር፣ በበቅሎና በመኪና እየተቀባበለ ነው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው። በዚህ ምድር ላይ ከዚህ ታሪክ የሚጠቅመው የትኛው ክፍል ነው? ዲኤንኤ ማቀናነሻው አይደለም።

መጀመሪያ የጠቀመው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ነው። በ1996 የሦስት መድኃኒት ቅንጅት በምዕራቡ ዓለም ሲጀመር ካፖሲ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በከፍተኛ መጠን ቀነሰ። ቀድሞ የነበረው እብጠትም መከላከያው ሲመለስ በብዙዎች ላይ እየከሰመ ሄደ። ኢትዮጵያ ውስጥ መድኃኒቱ በክፍያ በ2003 ተጀምሮ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የትልልቅ ከተማ ሆስፒታሎች፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያዎች፤ መጀመሪያ ሐኪሞች፣ ቀጥሎ ጤና መኮንኖችና ነርሶች። ነርስ መድኃኒቱን እንዲያስጀምር መፈቀዱ ለገጠሩ ሰው ከብዙ አዲስ መድኃኒት የበለጠ ዋጋ ነበረው። ዛሬ ኤች አይ ቪ የተገኘበት ሰው ሁሉ የሲዲ ፎር (የመከላከያ ሕዋስ) ቁጥሩ ሳይጠበቅ መድኃኒት ይጀምራል።

ሁለተኛው የሚጠቅመው ነገር ባትሪ ነው። የአፍ ካፖሲን ለመጠርጠር የእጅ ባትሪ፣ የምላስ መጫኛ እንጨትና የሚያይ ሰው ይበቃል። «አባባ፣ እስቲ አፍዎን በደንብ ይክፈቱልኝ፤ ቀና ይበሉ» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ የሚዘለለው መድኃኒት ሊወስድ የመጣው ሰው ወረፋ ስለሚበዛ፣ ደግሞም አፍ የጥርስ ሐኪም ጉዳይ ነው ስለሚባል ነው። የጥርስ ሐኪም ደግሞ በየወረዳው የለም።

አንድ የአገራችን ነገር ማወቅ ያሻል። በወሎም ሆነ በሌላው ሰሜን ደጋ ብዙ እናቶች ድዳቸውን የተነቀሱ ናቸው። ንቅሳቱ ድድን ጥቁር ሰማያዊ ያደርገዋል። ያልተነቀሰም ቢሆን የተፈጥሮ ጥቁረት ያለው ድድ የተለመደ ነው። የውጭ የሕክምና መጽሐፍ ይዞ የሚሠራ ወጣት ባለሙያ ቀለሙን ብቻ ካየ በሁለት በኩል ይሳሳታል፤ ወይ ንቅሳትን በሽታ ያደርጋል፣ ወይ በሽታን ንቅሳት ነው ብሎ ያልፋል። ንቅሳት የፊት ድድን ይዞ እኩል ይዘረጋል፣ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፣ ላንቃ ላይ አይገኝም። ካፖሲ አንዱን ጎን ይመርጣል፣ ይሰፋል፣ ከጊዜ በኋላ ይነሣል፣ ሲነኩትም ይደማል። «እማማ፣ ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ይለያል።

እርግጠኛ የሚያደርገው ግን ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ በፓቶሎጂስት ሲታይ ነው። ካፖሲን የሚመስል፣ በባክቴሪያ የሚመጣና በተራ ፀረ ተሕዋስያን የሚድን የቆዳ በሽታ አለ፤ ያለ ምርመራ ሁለቱን ማምታታት ይቻላል። ናሙናው ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ፓቶሎጂስት ወዳለበት ትልቅ ከተማ ይሄዳል። እዚህ ላይ መንገድና ጸጥታ የሕክምናው አካል ይሆናሉ። በ2021 ጦርነት የደሴው ትልቅ ሆስፒታል ተዘርፎ አገልግሎቱ ሲቋረጥ የተጎዳው የደሴ ሰው ብቻ አልነበረም።

ሐኪሞች ካፖሲን ሁለት ቦታ ይከፍሉታል፤ የሚከፍለው መስመር ደግሞ ላንቃ ላይ ያልፋል። በሽታው ቆዳ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ላንቃ ላይ ሆኖ ጠፍጣፋ ከሆነ ገና ቀላል ነው፤ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን በአግባቡ መውሰድ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ከላንቃው አብጦ ከተነሣ፣ ድድ ላይ ከተስፋፋ፣ ከቆሰለ፣ ወይም ሳንባና አንጀት ከገባ ግን ከባዱ ክፍል ውስጥ ገብቷል፤ ኬሞቴራፒ ይጨመርበታል። በጠፍጣፋውና በተነሣው መካከል ያለው ጊዜ የወራት ሊሆን ይችላል። የባትሪው ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

የትኛው ኬሞቴራፒ? በአፍሪካ ለብዙ ዓመት የተለመደው ብሌኦማይሲንና ቪንክሪስቲን ነበር፤ ዋጋው ረከስ ስለሚል። በብራዚል፣ በኬንያ፣ በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ የተደረገ ትልቅ ሙከራ ውጤት በ2020 ሲወጣ ጉዳዩን ቆረጠው። ሁሉም ሕሙማን ፀረ ኤች አይ ቪ ይወስዳሉ። ከ48 ሳምንት በኋላ በሽታው ሳይብስባቸው የቆዩት ፓክሊታክሴል ከተጨመረላቸው 64 በመቶ፣ ብሌኦማይሲንና ቪንክሪስቲን ከተጨመረላቸው 44 በመቶ ነበሩ። ፓክሊታክሴል ለጡት ካንሰርም የሚያገለግል፣ በአገራችን የካንሰር ማዕከላት የሚታወቅ መድኃኒት ነው። ጨረርም እብጠቱን ያሳንሳል፤ ነገር ግን የካፖሲ ሕሙማን አፍ በጨረር ክፉኛ ስለሚቆስል መጠኑ በጥንቃቄ ነው የሚሰጠው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የጨረር ሕክምና ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር።

ሰዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፤ ሰፋ አድርጌ ልንገር። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት የአንዳንዱ ሰው ካፖሲ ይብሳል። የነቃው መከላከያ እብጠቱን ሲያጠቃ ቦታው ይቆጣል፣ ይቀላል፣ ያብጣል። ያልተነገረው ሰው «ይኼ መድኃኒት ነው የገደለኝ» ብሎ ይተወዋል፤ ጠበል ይገባል፣ ወይም ወደ ባህል ሐኪም ሄዶ እብጠቱን ያስቆርጣል። ጠበሉ ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም፤ ብዙ የሃይማኖት አባቶችም ሁለቱን አብራችሁ ያዙ ይላሉ። የሚጎዳው መድኃኒቱን መተውና ደም የሚበዛበትን እብጠት በስለት መንካት ነው። ሌላም አለ፤ እብጠት ያጎድላል ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ፕሬድኒሶሎንና መሰል ስቴሮይድ ካፖሲን ያፋፋዋል። እንዲህ የባሰበት ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወደ ሆስፒታል ነው መሄድ ያለበት፤ ኬሞቴራፒ የሚጀመርበት ጊዜ ሊሆን ይችላልና።

ካፖሲ ብቻውን አይደለም። በ1997 የጀርመን ተመራማሪዎች በኤች አይ ቪ ሕሙማን ድድና መንጋጋ ላይ የሚወጣ፣ በፍጥነት የሚያድግ አዲስ የሊምፎማ ዓይነት ለይተዋል። በሰው ፓፒሎማ ቫይረስ የሚመጣው የጉሮሮ ካንሰርም አለ፤ ይህን ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት በኢትዮጵያ ለማኅጸን በር ካንሰር ተብሎ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። የነዚህ ሕክምና የተለያየ ነው፤ የሚገኙበት መንገድ ግን ያው አፍ ከፍቶ ማየት ነው።

ኤች አይ ቪ በደምዎ ውስጥ ካለ፣ መድኃኒት ለመውሰድ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታልም ሆነ ወደ ቅርብዎ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «አፌንም እዩልኝ» ይበሉ። ቤትዎ ሆነው በስልክዎ መብራትና በመስታወት ላንቃዎን ይመልከቱ፤ ወይም ልጅዎ ይይልዎት። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ወይን ጠጅ፣ ቀይ ወይም አዲስ ጥቁር ምልክት፣ የማይድን ቁስል፣ ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ ካለ አያምም ብለው አይተዉት። ኤች አይ ቪ ተመርምረው የማያውቁ ከሆነ በዚያው ዕለት ይመርመሩ። ካለብዎት መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ ከጀመሩት አያቋርጡት።